«ስንት አመጣህ?» ካሉ በኋላ የምትመጣው ጥያቄ

ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው ሁሉ «ስንት አመጣህ?» ተብሏል። አክስት ትጠይቃለች፤ ጎረቤት ይጠይቃል፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ የአባታችን የሥራ ባልደረባ ይጠይቃል። መልሱ ቁጥር ነው፦ 87፣ 3.4፣ 412። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ቁጥሩ ከተነገረ በኋላ ጠያቂው ትንሽ ዝም ይልና ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፦ «የት ነበር የምትማረው?»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት። ቁጥሩ ብቻውን የሚናገር ቢሆን ኖሮ ማንም «የት?» አይልም ነበር። ድሮ እህል የሚለካበት ቁና ከአገር አገር ይለያይ ስለነበር፣ «ሦስት ቁና ጤፍ» የተባለ ነጋዴ «በየትኛው ገበያ ቁና?» ማለቱ አይቀርም። ውጤትም እንደዚያው ነው። የውጤት አሰጣጥን ታሪክ ሳገላብጥ ያገኘሁት ነገር ባጭሩ ይህ ነው፦ ትምህርት ቤቶችና መንግሥታት ከመቶ ዓመት በላይ «የት?» የምትለውን ጥያቄ ለማጥፋት ሲደክሙ ኖረዋል። አልጠፋችም። የጠፋች በመሰለን ጊዜ ሁሉ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው አንድ ተማሪ ነው።

ቁጥር ያልነበረበት ትምህርት ቤት

በአብነት ትምህርት ቤት ነገሩን ተገልብጦ እናገኘዋለን። እዚያ «ስንት?» የሚባል ነገር የለም፤ «የት?» ብቻ ነው ያለው። ተማሪው ከፊደልና ከዳዊት ተነስቶ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ ይዘልቃል። «ድጓውን 82 ከመቶ ያውቃል» አይባልም። ወይ መምህሩ ፊት ቆሞ ያዜመዋል፣ ወይ ገና ነው፤ ተመልሶ ይቀጽላል። ሲበቃ ያስመሰክራል። ማስመስከሪያ ቦታውም እንደ ትምህርቱ ይለያያል፦ ለድጓ ቤተልሔም፣ ለዝማሬና መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ሰላልኩላ ስማቸው የተጠራ ነው። ስለዚህ አንድ አዲስ የድጓ መምህር ደብሩ ሲመጡ የሚጠየቁት «ስንት አመጡ?» ተብለው አይደለም። «የት ነው ያስመሰከሩት? መምህርዎ ማን ናቸው?» ይባላሉ።

ውጤቱ የቦታው ስምና የመምህሩ ስም ነው። መምህሩ ያልበቃ ሰው ቢያስመሰክር የሚጎድፈው የራሱ ስም ነውና ይጠነቀቃል። ግን ይህ ሥርዓት የሚሠራው ሰው ሰውን በሚያውቅበት አገር ነው፤ ማስመስከሪያዎቹ ጥቂት፣ መምህራኑም የታወቁ ሲሆኑ። ተማሪው በመቶ ሺህ ሲቆጠርና የሚቀበለው ሰው መምህሩን በስም የማያውቀው ሲሆን፣ አንዲት ወረቀት ላይ የምትሰፍር አጭር ነገር ትፈለጋለች። ቁጥር የመጣው በዚህ በኩል ነው።

ከላቲን ስም ወደ ኤ እና ቢ

በአሜሪካ እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት ቀደምት መዝገቦች አንዱ የዬል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበረው የዕዝራ ስታይልስ ማስታወሻ ደብተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1785 ስታይልስ 58 ተማሪዎች ከተፈተኑ በኋላ በአራት ክፍል መደባቸው፤ የክፍሎቹም ስም በላቲን ነበር። 20ዎቹ «ምርጦች»፣ 16ቱ «ሁለተኛ ምርጦች»፣ 12ቱ «ዝቅ ያሉ»፣ የቀሩት 10 ደግሞ «የባሱ» ተባሉ። እንግዲህ «የባሰ» ተብሎ ደብተር ላይ መስፈር! ደግነቱ ደብተሩ የፕሬዚዳንቱ የግል ነበር። ያ ሚዛን ከዬል ግቢ ውጭ እንዲያገለግል ማንም አላሰበም።

ፊደሎቹ ከመቶ ዓመት በኋላ መጡ። ማውንት ሆልዮክ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1897 ባወጣው ሰንጠረዥ ኤ ከ95 እስከ 100፣ ቢ ከ85 እስከ 94፣ ሲ ከ76 እስከ 84 ነበር። ዲ የምትሰጠው ልክ 75 ላመጣች ተማሪ ብቻ ነው፤ ከ75 በታች ወደቀች። አሁን ይህን በአገራችን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚሠራበት የጋራ ሰንጠረዥ ጎን አስቀምጡት። በእኛ 85 ኤ ነው፤ 75 ቢ ፕላስ ነው፤ 50 ሲ ነው። ያቺ በ1897 በአንድ ነጥብ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ያለፈች ልጅ እዚህ ቢሆን ቤቷ ፌሽታ ነበር። በ75 ቁጥር ላይ የተለወጠ ነገር የለም። የተለወጠው ፈተናው ምን ያህል እንዲከብድ እንደታሰበና አራሚው እጁ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ነው።

እሺ፣ ፊደሉ ይለያይ፤ ቢያንስ «ከመቶ» የሚለው ነገር በሁሉም ቦታ አንድ አይደለም እንዴ? ይህን ጥያቄ ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤሊየት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1912 በጣም ቀላል በሆነ መንገድ ፈተሹት። ሁለት የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀቶችን አባዝተው ወደ 200 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላኩ፤ «እንደ ወትሯችሁ አርማችሁ መልሱልን» ብለው። 142 መምህራን ያረሙት ለጥናቱ ዋለ። አንደኛውን ወረቀት ከ64 እስከ 98 ሰጡት። ሁለተኛውን ደግሞ አንዱ መምህር 50፣ ሌላው 97። ተማሪው አንድ፣ ጽሑፉ አንድ፣ ቀለሙ ሳይቀር አንድ።

ሰው ወዲያው «እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው፤ የአስተያየት ነገር ነው» አለ። ተመራማሪዎቹም በሚቀጥለው ዓመት የጂኦሜትሪ ወረቀት ላኩ። ጂኦሜትሪ ትክክል ወይም ስህተት ነው አይደል? ውጤቱ ከ28 እስከ 95 ተዘረጋ! አንዱ መልሱን ብቻ አየ፣ ሌላው አካሄዱን አየ፣ ሌላው ለወረቀቱ ንጽሕና ሳይቀር ነጥብ ቀነሰ።

ከርቭ፦ «የት?» ወጥቶ «ከማን ጋር?» ሲገባ

የመምህራን እጅ እንደዚህ ከተለያየ መፍትሔው ምንድን ነው? በዚያው ዘመን ብዙዎች ያገኙት መልስ እኛ ግቢ ውስጥ «ከርቭ» የምንለው ነው። መምህሩ ጨካኝም ይሁን ቸር፣ ከክፍሉ የተወሰነው ድርሻ ኤ፣ የተወሰነው ቢ፣ ብዙው ሲ ያገኛል። መለኪያው ወረቀቱ መሆኑ ቀርቶ ጎንህ የተቀመጠው ልጅ ይሆናል።

ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ይህን ለማስረዳት ምሳሌ አያስፈልገውም። ሰቃዮች የተሰበሰቡበት ክፍል የተመደበ ልጅ 78 አምጥቶ ሲ ሲያይ፣ የዶርም ጓደኛው ሌላ ሴክሽን ውስጥ በ66 ቢ ይዞ ይመጣል። የአንዱ ሕልም ኤ ማምጣት ብቻ ሳይሆን ሌላው እንዳያመጣም ነው። በግሌ ከማስታውሳቸው ነገሮች አንዱ፣ አንድ ጎበዝ ልጅ ፈተና አመለጠው ሲባል ክፍሉ ላይ የሚሰፍነው ያ የማይነገር እፎይታ ነው። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሚዛኑ እንደዚያ ስለተሠራ ነው።

ኮታ ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎችም ሞክረውት ትተውታል። ፕሪንስተን እ.ኤ.አ. በ2004 በየትምህርት ክፍሉ ከሚሰጡት ውጤቶች ኤ ከ35 በመቶ እንዳይበልጥ የሚል መመሪያ አወጣ፤ በ2014 ሻረው። ከርቭ የአራሚን ልዩነት ያለዝባል፤ ግን ማንነታቸው የማይታወቅ የክፍል ጓደኞች የአንድን ሰው ትራንስክሪፕት እንዲጽፉ ያደርጋል። ሥራ ሲያመለክት «ሲ ያገኘሁት እነ እገሌ ስለነበሩ ነው» ብሎ የሚያያይዘው ወረቀት የለውም።

ማትሪክ

በእኛ አገር «የት?»ን ለማጥፋት የተደረገው ትልቁ ሙከራ ብሔራዊ ፈተና ነው። የመጀመሪያው የመንግሥት ዘመናዊ ትምህርት ቤት፣ ዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1900 ዓ.ም. ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተከፈቱት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን ለሎንዶን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ያዘጋጁ ነበር። ዛሬም ቤተሰብ «ማትሪክ መቼ ነው?» ሲል የሚጠቀመው ቃል የዚያ ዘመን ትራፊ ነው፤ ፈተናው ሦስት አራት ጊዜ ስም ቢቀይርም ቃሉ አልተነቀለም።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ አገሪቱም ቀስ በቀስ የራሷን የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ያዘች። ውጤቱ ከኤ እስከ ኤፍ በፊደል ይመጣና አማካዩ ከ4.0 ይሰላል። አክስቴ ከተፈተነች ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗታል፤ ውጤቷን ግን እስከ ዛሬ እንደ ስልክ ቁጥር በቃሏ ትይዘዋለች። «ሁለት ነጥብ ስድስት!» ትለኛለች ቡና እያፈላች፤ ወዲያው ደግሞ «ያኔ እኮ ሁለት ነጥብ ስድስት እንደ አሁኑ እንዳይመስልህ» ትላለች። ትክክል ናት። «የት?» ብቻ አይደለም፤ «መቼ?»ም አለ።

ግን ፍትሐዊ እንሁን። አንድ ወረቀት ለሁሉም መስጠት ትልቅ ነገር ነው። የገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር በአንድ ቀን አንድ ጥያቄ ይሠራል፤ አራሚው አባቱ ማን እንደሆነ አያውቅም። የትም ተማር፣ ቁጥርህ ቁጥርህ ነው። ስንቱ ቤት በዚህ በኩል ተለውጧል! በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብሔራዊ ፈተናው ወደ 10ኛ ክፍል ወርዶ ለ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ተተካ፤ የ10ኛው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀረ። ስሙ እየተቀያየረ ተስፋው አንድ ነበር።

ከዚያ ኩረጃው መጣ። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ተሰረዘ። በመጨረሻ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ። ውጤቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ896,520 ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 29,909 ናቸው፤ 3.3 በመቶ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚያ ልጆች እኮ 12 ዓመት ሙሉ ሰርተፍኬት ሲሰጣቸው ኖሯል። «ወደ ሚቀጥለው ክፍል ተዛውሯል» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት በየዓመቱ ሰኔ ላይ ቤታቸው ገብቷል። ብዙዎቹ ከክፍላቸው ደረጃ ወጥተው ተሸልመዋል። ታዲያ የቱ ቁጥር ነው የዋሸው? ወሬው «ትምህርት ቤቶቹ ውጤት ያድሉ ነበር» ወደሚለው አዘነበለ፤ ይህም አለ። ግን ሌላም ነገር አለ። የትምህርት ቤቱ ውጤት የለካው መምህሩ ያስተማረውን ነው። ብሔራዊ ፈተናው የለካው ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ የተጻፈውን ነው። ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ አንድ በሆነበት፣ የፊዚክስ መምህር ግማሽ ዓመት ሳይመደብ በቀረበት ቦታ ሁለቱ ነገሮች አይገናኙም። «የት?»ን እንዲያጠፋ የተሠራው ፈተና «የት?»ን በትልልቅ ፊደል ጽፎ መለሰልን። ያቺ ልጅ የተቀበለችው ቁጥር የእሷ ብቻ አልነበረም፤ የትምህርት ቤቷም ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን የተጻፈው የእሷ ስም ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲዎችም ተራቸው ደረሰ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በዲግሪ ደረጃ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በዚያ ዙር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ተፈታኞች 62 በመቶ ገደማ፣ ከግል ተቋማት 17 በመቶ ገደማ አለፉ። ፈተናው በተሰጠበት ጠዋት ሁሉም ጂፒኤ ነበራቸው፤ ሁሉም ከ4.0።

አዲስ አበባ ውስጥ ያሉት ብዙ ቁናዎች

ልዩነቱ በመንግሥትና በግል መካከል ብቻ አይደለም። በዚያው በአዲስ አበባ፣ ሊሴ ገብረማርያም የሚማር ልጅ ከ20 ነው የሚታረመው። በፈረንሳይ ሥርዓት 10 ማለፊያ ነው፤ ባካሎሬያ ላይ 14 «ጥሩ»፣ 16 «በጣም ጥሩ» ያሰኛል። አሁን የእኛ ሰፈር ሰው 14ን በአምስት ያባዛና «70 ነው ያመጣው፤ ደህና ነው» ይላል። ደህና ሳይሆን ጎበዝ ነው፤ ማባዛቱ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ ስህተት ነው።

ጀርመን ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ ወደ ታች ይቆጠራል። 1 ምርጡ ነው፤ 4 ለጥቂት ማለፍ ነው። አዲስ አበባ ላይ «አራት ነጥብ!» ተብሎ የሚጨፈርለት ቁጥር በርሊን ላይ ሲነገር «እንኳን ተረፍክ» የሚያሰኝ ነው። ለጀርመን ዩኒቨርሲቲ ወይም ስኮላርሺፕ ያመለከታችሁ ሰዎች የባየርን ቀመር የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ከከፍተኛው ነጥብ የእናንተን ትቀንሳላችሁ፤ በከፍተኛውና በማለፊያው ልዩነት ታካፍላላችሁ፤ በ3 ታበዛላችሁ፤ 1 ትደምራላችሁ። የእኛ 3.2፣ ከ4.0 ላይ፣ ማለፊያው 2.0 ሲሆን፣ 2.2 ይወጣል። ንጹሕ ሒሳብ ነው። ግን ቀመሩ ያ 3.2 ሰቃዮች በሞሉበት ክፍል በከርቭ የተገኘ ይሁን፣ ወይስ ሁሉም ኤ በሚታፈስበት ቦታ፣ አያውቅም። ሁለቱንም 2.2 ይላቸዋል።

«የት?»ን ማጥፋት ትቶ መጠቀም

ሁሉም ሰው ግን ይህችን ጥያቄ ሲሸሽ አልኖረም። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣችው ሕግ፣ በግዛቲቱ ውስጥ ካለ ከየትኛውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከክፍሉ የመጀመሪያው 10 በመቶ ውስጥ ሆኖ የጨረሰ ተማሪ ወደ ግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲገባ ፈቀደች። ሐሳቡ ቀላል ነው። የሀብታም ሰፈር 3.9 እና የድሃ ሰፈር 3.9 አይወዳደሩም። እያንዳንዱ ልጅ ከእሱ ጋር አንድ መምህር፣ አንድ ጥቁር ሰሌዳ፣ አንድ የሚያፈስ ጣሪያ ከተጋሩት ጋር ይወዳደራል። ሕጉ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ጥሩ ትምህርት ቤት ገብቶ 15ኛ የወጣ ልጅ ይከፋዋል። ግን ቢያንስ «የት?» የሚለውን ጮክ ብሎ ይጠይቃል።

ስለ ትምህርት ቤት ውጤት ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ወደ 80,000 የሚጠጉ ተማሪዎችን ተከታትሎ፣ ኮሌጅ ገብተው አራት ዓመት ውስጥ የሚሆነውን ከብሔራዊው የመግቢያ ፈተና ይልቅ የሁለተኛ ደረጃ አማካይ ውጤታቸው በተሻለ እንደሚተነብይ አገኘ። ያ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት የሚለያየው፣ የሚታማው ቁጥር! ምክንያቱ አይከብድም። አንድ ፈተና የአንድ ሳምንት ነው። አማካይ ውጤት ግን የዓመታት ነው፤ በዝናብ መምጣት፣ የቤት ሥራ መሥራት፣ ከማይወዱት መምህር ጋር መቻል ሁሉ ውስጡ አለ። ቁናው ቢለያይም ውስጡ ያለው እህል እውነተኛ ነው።

እኛ ቤት ደግሞ ሳናውቀው የቴክሳስን ሐሳብ በእጃችን ይዘን ኖረናል። ሰርተፍኬታችን ላይ ከአማካዩ ቀጥሎ የምትቀመጥ ሳጥን አለች፤ «ደረጃ» የምትባል። ከ63 ተማሪ 4ኛ። ልጅ ሆነን የምናለቅስባት እሷ ናት፤ ልጆችን በማፎካከር ታደርሳለች ስለሚባለው ጉዳት የሚነሳውን ክርክር አልንቀውም። ግን ወረቀቱን ለሚያነብ አዋቂ፣ ከ«81.3» ይልቅ «ከ63፣ 4ኛ» የሚለው የበለጠ ይናገራል፤ ቁናውን ከነገበያው ስለሚያሳይ። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ይህቺው ሳጥን ትጠፋለች፤ ጂፒኤ ብቻዋን ትቀራለች።

ብቻዋን የቀረችው ጂፒኤም የሥራ ማስታወቂያ ላይ ትገናኘናለች፦ «የመመረቂያ ነጥብ 3.00 እና ከዚያ በላይ»። ከሺህ አመልካች ውስጥ ለመምረጥ ቀላሉ መንገድ ነውና የሚቀጥረውን ሰው እረዳዋለሁ። ግን 2.94 ይዞ ከበር የተመለሰው ልጅ ዲፓርትመንቱ በዓመት ለሁለት ሰው ብቻ ኤ የሚሰጥ ሊሆን ይችላል፤ 3.3 ይዞ የገባው ደግሞ ግማሹ ክፍል ኤ ካገኘበት። ማጣሪያው ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። ከአብነት ትምህርት ቤቱ ወስደን ያስቀረነው ነገር ቢኖር እንዲያ ባልሆነ ነበር፤ እዚያ ቢያንስ ሁለተኛው ጥያቄ ይጠየቃል።

ማስተካከያው ውድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ኤ እና ሲ ጎን በዚያ ክፍል ስንት ሰው ምን እንዳገኘ የምታሳይ አንዲት ዓምድ ትራንስክሪፕቱ ላይ ብትጨመር፣ ሬጅስትራሩ መረጃው አለው። እስከዚያው ግን የምታመለክቱ ሁሉ አንድ ነገር አድርጉ። ብዙዎቹ ትራንስክሪፕቶች ጀርባቸው ላይ ወይም ግርጌያቸው ላይ በደቃቅ ጽሑፍ የውጤት መስጫው ሰንጠረዥ አለ። ፎቶ ኮፒ ስታደርጉ ጀርባውንም ኮፒ አድርጉት። ከክፍላችሁ ስንተኛ እንደወጣችሁ የምታውቁ ከሆነ ማመልከቻችሁ ላይ በአንድ መስመር ጻፉት፤ የዲፓርትመንታችሁን ደብዳቤ ማግኘት ከቻላችሁ አያይዙት። የምትቀጥሩ ሰዎች ደግሞ፣ ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ ለቅሶ ቤት እንደተቀመጠው እንደ አባታችን ባልደረባ ትንሽ ዝም በሉና ሁለተኛዋን ጥያቄ ጠይቁ።